አደፍርስ አደፈረሰኝ

ፒያሳ ከጣሊያን ጊዜ ህንጻዎች አንዱ ስር አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ አለ፣ ከስራ ስወጣ ሳላየው አላልፍም፣ ሀሙስ ለት ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ አንድ መጽሐፍ አነሳሁና ቆሜ መሀሉን ገለጥ ሳደርገው ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ሆዴ ተላወሰ። የኔ ጽሁፍ ነዋ የሚመስለው!

አራት አመት ሙሉ ላፕቶፔ ላይ አንድ ልቦለድ ይዤ እየታገልኩ ነው (ያነበበችው አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ናት፣ እሷም «ሰዎችሽ ወሬ አበዙ፣ ደሞ እናንተ ቤት አራት ነጥብ የለም እንዴ» ብላኛለች)። ሰዎቼ ሲያወሩ «አለ» «አለች» እያልኩ መሀል መግባት አልወድም፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነጥቀዋል፣ ሁሉም ባገሩ አፍ ነው የሚያወራው። እና እውነቴን ነው፣ ይሄን ነገር እኔ ያመጣሁት ይመስለኝ ነበር 😅

መጽሐፉ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። በ1962 የወጣ! እናትና አባቴ እንኳን ገና አልተዋወቁም። ስሙንማ ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ግን ከባድ ነው ሲሉ ፈርቼ ተውኩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንደሚሉት እኔንም አደፈረሰኝ፣ ሶስት ሌሊት መብራት ሲጠፋም በስልክ ባትሪ እያነበብኩ፣ ባንዱ ገጽ እየሳቅኩ ባንዱ እየቀናሁ። ከቅናቱ የባሰው ደሞ ነገ የኔን የሚያነብ ሰው ኮረጀች ነው የሚለው፣ ሳላነበው እንደጻፍኩ በምን አስረዳለሁ?

እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ከ«አደፍርስ» ሰዎች የአንዷን፣ የወይዘሮ አሰጋሽን ንግግር አነበብኩላት፣ የማን እንደሆነ ሳልነግራት። እሷ የኔን ምዕራፎች እየሰማች ነው ያረጀችው፣ ግማሹ ወሬም ከራሷ አፍ የተለቀመ ነው። አቦሉን እየቀዳች ጸጥ ብላ ሰማችኝና

«ይቺን ደሞ መቼ ጻፍሻት?» አለችኝ።

ደስ ይበለኝ ልፈር ሳላውቅ ዝም አልኩ። ቶናው ሲደርስ ግን ጀበናውን ይዛ ቆም አለችና «ቆይ ግን ልጄ፣ ሴትዮዋ እንደኛ ጎንደሬ አይደሉም እኮ። ሸዌ ናቸው፣ ምን ነካሽ?»

የ«አደፍርስ» አገር ሸዋ ነው እውነትም፣ ወደ ደብረ ሲና። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ምዕራፍ ሰባትን ካቆምኩበት ቀጠልኩ።