ባለቤቴን ያተረፋት ደም

ልጃችን ከተወለደች ወዲህ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊሉን የመጡ ዘመዶችና ወዳጆች ሁሉ ምጡ እንዴት እንደነበረ ይጠይቁኛል። አራስ ባለችበት ቤት ስለ ደምና ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ስለማይገባ፣ ለሁሉም «ትንሽ አስቸግሯት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ አልፌያለሁ። አሁን ባለቤቴ በርትታለች፤ ልጃችንም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታለች። የሆነውን ሁሉ ጻፈው ያለችኝ ራሷ ባለቤቴ ናት፤ ምክንያቷም እንደ እሷ ያለ የደም ዓይነት ያላት ነፍሰ ጡርና ባሏ ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል የሚል ነው።

የባለቤቴ ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ የእኔ ቢ ፖዘቲቭ። ይህን ያወቅነው ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል በሄድንበት ቀን በተደረገላት የላቦራቶሪ ምርመራ ነበር። ውጤቱን ለአማቴ ስንነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ተወልደው ባደጉበት ገጠር፣ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ከተገላገለች በኋላ የፀነሰቻቸው ሁሉ እየሞቱባት የኖረች ጎረቤት ነበረቻቸው። ሾተላይ ነው ተብሎ ጠበል ተወስዳለች፤ ክታብም ታስሮላታል፤ ሌላ ልጅ ግን አላደገላትም። አማቴ ይህን ሲያወሩ የልጃቸውን እጅ ይዘው አይለቁም ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳን። እናት ኔጌቲቭ ሆና ጽንሱ የአባቱን ፖዘቲቭ ከወረሰ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮት አንቲቦዲ የሚባለውን መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይወለዳል፤ ያ መከላከያ የሚያጠቃው ከዚያ በኋላ የሚፀነሰውን ፖዘቲቭ ልጅ ነው። የአማቴ ጎረቤት የመጀመሪያ ልጇ ብቻ የተረፈላት በዚህ ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ዛሬ ፀረ-ዲ የሚባል መርፌ አለ፤ በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት አካባቢ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

ክትትሏን የያዘችላት አዋላጅ ነርስ ግን ሌላም ሐሳብ ነበራት። አንድ ቀን ካርዱን ገልጣ የደም ዓይነቱን በቀይ እስክሪብቶ ካከበበች በኋላ፣ «መርፌው ለሚቀጥለው ልጅ ነው፤ ለእሷ የምታስቡት ደግሞ ደም ነው። ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም ይሰጣል፤ የሚቀበለው ግን ከራሱ ብቻ ነው። ምጧ ሳይመጣ ሰው ፈልጉ» አለችን። በመሥሪያ ቤቴ ጠየቅሁ፤ አብዛኛው ሰው የደም ዓይነቱን አያውቅም። በመጨረሻ አዳማ የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ተመርምሮ ኦ ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኘ፤ በመውለጃዋ ወር ከከተማው ራቅ ብሎ እንዳይሄድና ስልኩን እንዳይዘጋም ቃል ገባልን።

የሽርት ውኃዋ የፈሰሰው ሌሊት ነው። ራይድ ጠርተን፣ አማቴን ከኋላ ከእሷ ጋር አስቀምጬ፣ ክትትል ወደምታደርግበት የመንግሥት ሆስፒታል ገባን። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ከእሷ ተለየሁ፤ ባል አይገባም ተባልኩ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ብዙ እናቶች በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ በቀጭን መጋረጃ ብቻ ተከልለው ያምጣሉ፤ የሌላይቱ ክብር ከእኔ ናፍቆት ይበልጣል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ አማቴ እንኳ እንዲገቡ ያልተፈቀደበት በር ላይ ቆሜ ጩኸቷን እየሰማሁ፣ ጠንከር ያለ መከለያ ማበጀት ይህን ያህል ሊከብድ አይገባም እያልኩ አስብ ነበር። ዛሬም ያው ነው ሐሳቤ።

እስከ ረፋድ ድረስ የሚወጡት ነርሶች «በደንብ እየሄደ ነው» ይሉን ነበር። ከዚያ በኋላ ምጡ ቆመ። የማህፀኗ በር ስድስት ሴንቲ ሜትር ላይ ደርሶ ለሰዓታት አልንቀሳቀስ አለ፤ በጉሉኮስ የምጥ መድኃኒት ጀመሩላት። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወጥቶ የእሷን ስም ጠራና ወደ እኔ መጣ። «አባት፣ የሽርት ውኃው አረንጓዴ ሆኗል፤ የልጁም የልብ ምት በደቂቃ ከ110 በታች መውረድ አልነበረበትም፤ አሁን ከ100 በታች እየወረደ ነው። በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን» አለኝ። የስምምነት ቅጹን ዘረጋልኝ። «ዶክተር፣ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው» አልኩት። «አይቼዋለሁ፤ እዚህ ያለን አንድ ከረጢት ብቻ ነው፤ ተጨማሪ አስጠይቄያለሁ» አለኝና እስክፈርም ጠበቀኝ።

በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጧት ለአፍታ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ስለ ራሷ ያለችው ነገር አልነበረም፤ «ወንድሜ ደረሰ ወይ?» ብቻ ነበር ጥያቄዋ። ከአዳማ ተነሥቶ መንገድ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። አማቴ «እመቤቴ ትቅደምሽ ልጄ» ብለው ግንባሯን ሳሙት፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉም በር ተዘጋ።

ከዚያ በር ውጭ የሚቆም አባት የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ የልጅ ልቅሶ። እኛ ግን አልሰማንም። አማቴ የጸሎት መጽሐፋቸውን አጥፈው ዝም አሉ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ልጃችን እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሰውነቷ ዝሎ ነው የወጣችው። አዋላጇ አደራርቃና ጀርባዋን አሽታ ስላልተነፈሰች በአየር መስጫው ጭምብልና ከረጢት ሳንባዋን ነፋችላት። ከተወለደ በኋላ ያልተነፈሰ ሕፃን ያለችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት፤ የእኛም ልጅ የተረፈችው ያን ጊዜ ማንም ዕቃ ፍለጋ ስላልሮጠ፣ ዕቃው ሁሉ አጠገብ ተዘጋጅቶ ስለነበረ ነው። በመጨረሻ የሰማነው ልቅሶ ሳይሆን እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ ነበር። ነርሷ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይዛት ስታልፍ ለቅጽበት አየኋት፤ በክንዷ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር በእስክሪብቶ የእናቷ ስም ተጽፎበታል።

አማቴ እልል ለማለት ከተቀመጡበት ተነሡ። አፋቸውን ሳይከፍቱ በሩ እንደገና ተከፈተና ሌላ ነርስ ደም ያለበት ትንሽ ብልቃጥና አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ማህፀኗ አልሰበሰብ ብሎ ነበር። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እሱ ተጣብቆበት የነበረውን ቦታ ደም ሥሮች የሚዘጋቸው የማህፀኑ ጡንቻ መኮማተር ነው፤ ረጅም ምጥ ያደከመው ጡንቻ ሳይኮማተር ሲቀር ደሙ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጧት፤ ደገሙላት፤ ደም የሚያረጋውን ትራኔክሳሚክ አሲድንም ጨመሩላት። ይህ መድኃኒት ደሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ አይጠቅምም። ሐኪሙ ማህፀኑን በእጁ ጨምቆ ይዞ፣ በመጨረሻም በስፌት አስሮ ደሙን አቆመው። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ፈስሷት ነበር።

የባለቤቴ ወንድም በዚያው ሰዓት ደረሰ። ከመኪናው ወርዶ እጅጌውን እየሰበሰበ ነበር የገባው፤ «አሁኑኑ ቅዱኝ» እያለ። የላቦራቶሪው ባለሙያ በእርጋታ አስረዳው፤ የተቀዳ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለቱ የጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ የእሱ ደም ለሌላ ቀን ነው። እህቱን በዚያ ሰዓት ሊደርስላት የሚችለው ከዚያ ቀን በፊት ተቀድቶ፣ ተመርምሮ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ደም ብቻ ነበር። ያም ኦ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። የሆስፒታሉ አንዷ ከረጢት ተሰቀለችላት፤ ሌሎቹ ከኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት እስኪመጡ ድረስ እኔና እሱ ግቢው በር ላይ ቆመን የሚገባውን መኪና ሁሉ እናይ ነበር።

መጡ። በመጨረሻ ወደ ተኛችበት ክፍል እንድገባ ሲፈቀድልኝ ሁለተኛው ከረጢት ሊሰቀልላት ነበር። ሁለት ነርሶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ። አንዷ ከካርዱ፣ ሌላዋ ከከረጢቱ ላይ እያነበቡ የባለቤቴን ስም እስከ አያቷ፣ የካርድ ቁጥሯን፣ የደም ዓይነቷን፣ የከረጢቱን ቁጥር፣ የተቀዳበትንና የሚያበቃበትን ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቀባበሉ። አንድ ቁጥር ሲያጠራጥራቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። ያን ያህል ደክመው ሳለ ስላልቸኮሉ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከረጢቱ ላይ የለጋሹ ስም የለም። ያ ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ ተማሪ ይሁን ሾፌር አላውቅም፤ የምናውቀው ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሳምንታት ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ እንደተቀዳ ብቻ ነው፤ ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 35 ቀን ድረስ ነውና። የባለቤቴ ጥፍሮች ነጥተው ነበር፤ ደሙ ሲገባላት ጥፍሮቿን ነበር የማየው።

ያን ማታ አማቴ ኮሪደሩ ላይ እስከዚያ ሰዓት ያልተናገሩትን አወሩኝ። ታላቅ እህታቸው የሞቱት በወሊድ ነው፤ ልጁ በሰላም ተወልዶ፣ እልልታው ተብሎ፣ ገንፎው ሲገነፋ ደሙ አልቆም አላቸው። ቃሬዛ ተዘጋጅቶ መንገድ እንደጀመሩ አረፉ። «ልጄ፣ ደም ሲሉ ስሰማ እሷ ናት ፊቴ የመጣችው» አሉኝ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በዓለምም በአገራችንም ለእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ግን 412 ናቸው አለ። በእነዚያ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የአዋላጅ ነርሶች፣ የአምቡላንስ፣ የኦፕራሲዮን ክፍልና የደም ማቀዝቀዣ ሥራ ነው። 412ም ቢሆን ብዙ ነው፤ እያንዳንዷ እንደ አማቴ እህት ስም ያላት ሴት ናት።

ልጃችን ፖዘቲቭ ሆና ስለተገኘች የ72 ሰዓቱ ቆጠራ ተጀመረ። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ለኦፕራሲዮኑም አልከፈልንም። መርፌው ግን በዚያ ሰዓት ሆስፒታሉ ውስጥ ስላልነበረ በየፋርማሲው ዞሬ ገዛሁት፤ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ስለሆነም በበረዶ ይዤው ተመለስኩ። እኔ ገንዘቡንም የምሮጥበት እግርም ነበረኝ፤ ሁለቱንም ያጣ ባል ግን አለ። የሚቀጥለውን ልጅ ሕይወት የሚወስን መርፌ እናቲቱ ከተኛችበት ቤት መታጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው የሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድም ባለቤቴ ከአልጋ ሳትነሣ አለቀ፤ የቀረውን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ወሰድኩ።

ልጃችን ከኦክስጅን ወጥታ እናቷ ደረት ላይ የተኛችበትን ቀን ባለቤቴ ራሷ እንድትጽፈው ትቼላታለሁ። አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አጥሚቱም ጡቱም ተስማምቷቸዋል። ባለቤቴ ለደሟ የብረት ክኒን ትወስዳለች፤ ሐኪሙ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድትቆይ፣ ስትፀንስም ገና ከመጀመሪያው የአንቲቦዲ ምርመራ እንድታደርግና ኦፕራሲዮን ካለበት ሆስፒታል ውጭ እንዳትወልድ በመውጫ ወረቀቷ ላይ ጽፎላታል።

እኔም ደም መስጠት ጀምሬያለሁ። የእኔ ቢ ፖዘቲቭ ለባለቤቴ አይሆናትም፤ ለቢ ፖዘቲቭና ለኤቢ ፖዘቲቭ ግን ይሆናል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱም 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በዚያ ማታ ደሙን ከሰጠ በኋላ ስልክ ቁጥሩን፣ ኦ ኔጌቲቭ የሆነች ወላድ በገባች ጊዜ እንዲደውሉለት፣ ለማዋለጃ ክፍሉ ነርሶች ትቶ ነበር የሄደው። ባለፈው ሳምንት ተደውሎለት ከአዳማ መጥቶ ሰጥቷል።