ከቱሉ ዲምቱ፦ የምወደው የመጽሐፍ ሽልማት

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ብርሃን ሳነብ አመሸሁ። የፕሮጀክት ማኔጅመንት መጽሐፍ ነው። ባለቤቴ «አሁንም ሥራ?» አለችኝ። እኔ ግን እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ከልቤ እወዳለሁ።

በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት በዘርፉ ለተጻፉ ምርጥ ሥራዎች ሲሰጠው የቆየ ሽልማት አለ። የተሰየመው በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በነበሩት በዴቪድ ክሌላንድ ነው። ድልድይ ሲያልቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባ ይቀልጣል። እንዴት እንደተሠራ ቁጭ ብሎ የጻፈውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? ሽልማቱን የወደድኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ሳይታችን ላይ የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ልንሞላ ቀን ቆርጠን ሳለ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ሳይደርስ ቀረ። 11 ቀን ቆምን። የቀን ሠራተኞቹ ጠዋት መጥተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ፎርማናችን አንድ ደብተር ያዙ፤ የትኛው ዕቃ መቼ እንደታዘዘ፣ መቼ እንደገባ፣ ለምን እንደዘገየ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ሥራ እንዳስቆመ ሁሉ ይጽፉበታል። ተውሼ ሌሊቱን አነበብኩት። እኔ ዳኛ ብሆን እንዲህ መዘግየቱን ከነምክንያቱ ሳይደብቅ፣ በአማርኛ፣ ከሳይት የተጻፈ መጽሐፍ ነበር የምሸልመው።

«ጋሼ፣ ይህን በኮምፒውተር ልጻፍልዎት?» አልኳቸው።

«ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ደብተሩ ይሙላ» አሉኝ።

ገና 20 ገጽ ይቀረዋል።