ኤሲዬን ላቫጆ ያሳጠብኩ ዕለት

ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት አለኝ። መጋቢትና ሚያዝያ ቀትሩ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ብዙው ካርቶን ደግሞ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ይላል። ስለዚህ ኤሲ፣ ማለትም የክፍል አየር ማቀዝቀዣ፣ አስገጠምኩ። መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሱን ልለፈው።

በሁለተኛው ዓመት ቅዝቃዜው ጠፋ። ባለሙያ ጠራሁ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የኤሲውን የውጪ ሳጥን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ጋዙ አልቋል» አለና ሞላ። በሁለት ሳምንቱ ያው ሆነ፤ እንደገና ሞላ፣ እኔም እንደገና ከፈልኩ። ኧረ ጋዝ እንደ ናፍጣ አያልቅም! ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ካልጎደለ ደግሞ ሲጨመርበት ጭራሽ ግፊቱ ይብሳል።

በሦስተኛው ራሴ ከጀርባ ሄጄ አየሁት። አቧራው ጋቢ መስሎ ተጋግሯል። ነገሩ ቀላል ነበር። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ፣ አግሎ ወደዚያ ሳጥን ይልከዋል። ፋኑ ከኋላ አየር እየሳበ በቱቦዎቹ መሃል ያሳልፋል። ጋዙ ሙቀቱን ለአየሩ አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ቱቦዎቹ ላይ የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ሙቀቱን የሚበትኑት ናቸው። አቧራ ሲደፍናቸው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ኮምፕረሰሩም እየተጨነቀ ይጠፋል። እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል።

ይህ ሁሉ ከገባኝ በኋላ ነው እንግዲህ ጅልነቴን የሠራሁት። ጎረቤት ያለውን የላቫጆ ልጅ ጠራሁ። «እትዬ፣ ፏ አድርጌ ነው የማስረክብዎ» አለኝ። ፓምፑን አስጠግቶ ለቀቀው። አቧራው በእርግጥም ሄደ። ቅጠሎቹ ግን እንደ ተረገጠ ሣር ተኙ! አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። ከአቧራው የባሰ ድፍን። ልጁ ምን ያድርግ፣ መኪና ነው የሚያውቀው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ክኒን በምቆጥርበት ስፓቱላ ቅጠል በቅጠል አቃናሁ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጣቴ ተላጠ።

መመሪያው በዓመት አንዴ ይጸዳ ይላል። የጻፈው ሰው የአዘዞን አቧራ አላየም። እኔ ከጥር እስከ ግንቦት በየወሩ ነው የማጸዳው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋለሁ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ፤ ወደ ጎን ከሄደ ቅጠሉ ይታጠፋል። ውሃ ካለ በጆግ ቀስ አድርጌ አፈስበታለሁ። ክዳኑን ግን አልከፍትም፤ መብራት ከጠፋም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ዕቃ አለ።

አሁን ይቀዘቅዛል። ጥጉ ላይ መዳፍ የሚያህል ያልተቃና ቦታ ግን ቀርቷል። ብሩሹ እዚያ ሲደርስ አሁንም እናደዳለሁ።