የፎልስታፍ አሟሟትና አልፈታ ያለችው መስመር

የሼክስፒርን ተውኔት «ሄንሪ አምስተኛው»ን ማንበቤን ቀጥያለሁ፤ ሰሞኑን ግን ከሁለተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት አልወጣሁም። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ኩዊክሊ የሽማግሌውን ቀልደኛ ባላባት የፎልስታፍን አሟሟት ትተርካለች። ሼክስፒር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623 በታተመው ትልቁ የተውኔቶቹ ጥራዝ ላይ፣ አፍንጫው እንደ ብዕር ሾሎ ነበር ካለች በኋላ «እና የአረንጓዴ መስክ ጠረጴዛ» ብላ ታርፋለች። ሰውየው እየሞተ ነው፤ ጠረጴዛው ከየት መጣ?

ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ በ1725 ባሳተመው የሼክስፒር እትም ግሪንፊልድ የሚባል የቲያትር ዕቃ ያዥ ነበር ይላል። «የግሪንፊልድ ጠረጴዛ ይቅረብ» የምትል የኅዳግ ማስታወሻ ከሴትዮዋ ንግግር ጋር ተቀላቅላ ታትማለች ባይ ነው። ግምቱ ያስቃል እንጂ አያሳምንም። ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ትዕይንቱ ሲጀመር ነው፤ በንግግር መካከል ማን ያመጣዋል?

የሼክስፒር ሊቅ የነበረው ሉዊስ ቲዎባልድ ደግሞ የጠረጴዛዋን ቃል (table) የአታሚ ስሕተት አደረጋትና በ«ይቃዥ ነበር» (babbled) ተክቶ «ስለ አረንጓዴ መስክም ይቃዥ ነበር» ብሎ አነበባት። በዘመኑ የእጅ ጽሕፈት የሁለቱ ቃላት የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላት በቀላሉ ይምታታሉ። ከቃሉ በፊት ያለችው ብቸኛ ፊደል «a»ም ሴትዮዋ በዚሁ ንግግሯ ደጋግማ «እሱ» ለማለት የምትጠቀምባት ናት። ፖፕ ግን ቲዎባልድ ስሕተቶቹን በአደባባይ ስለነቀሰበት በ1728 ባወጣው የሽሙጥ ግጥም የደነዞች ንጉሥ አድርጎ አነገሠው። የሊቃውንት ቂም እንዲህ ነው።

እኔን ወደ ቲዎባልድ የሳበኝ ከፊደሉ ይልቅ የሴትዮዋ ትረካ ነው። ያየችውን በተርታ አስቀምጡት፦ አንሶላውን ሲዳብስ፣ በአበባ ሲጫወት፣ የጣቶቹን ጫፍ እያየ ፈገግ ሲል፣ አፍንጫው ሲሾል፣ እግሩ እንደ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ። የሾለ አፍንጫና የአልጋ ልብስ የሚለቅም እጅ ከጥንት ጀምሮ ከሂፖክራተስ ስም ጋር በተያያዙት የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የሞት ምልክት ተብለው ተመዝግበዋል። ሴትዮዋ ሐኪም አይደለችም፤ ሆኖም ጣር እንዴት እንደሚመጣ አይታለች። በዚህ ተርታ ውስጥ ቅዠት ቦታ አለው፤ ጠረጴዛ የለውም።

ቅዠቱ ስለ መስክ የሆነበትን ምክንያት ዳዊት የደገመ አንባቢ ሳይነገረው ይጠረጥራል። «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል» የሚለው መዝሙር ነው። ፎልስታፍ ሦስት አራት ጊዜ «እግዚአብሔር» እያለ ሲጮህ ሴትዮዋ ልታጽናናው ብላ «ስለ እግዚአብሔር አታስብ፤ ገና ነው» ብላዋለች! ቀደም ሲልም «በአርተር እቅፍ ነው» ብላለች፤ በለቅሶ ቤት ስለ አብርሃም እቅፍ ሲነገር የሰማ ሁሉ ምን ለማለት እንደፈለገች ወዲያው ይገባዋል። አብርሃምን በተረት ንጉሥ የለወጠች ሴት ጸሎትንም እንደ ተራ ወሬ ብትሰማ አይደንቅም። ስለዚህ ሽማግሌው መዝሙሩን ለመድገም ሲታገል ከእሷ ጆሮ የደረሰው መስኩ ብቻ ነበር ብዬ አነባለሁ። ያ ሁሉ ቀልድ ያለበት ንግግር እንዲህ የሚያሳዝነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ያልቆረጥኩት ግሱን ነው። በ1600 በወጣው አጭር እትም ይህች መስመር የለችም፤ ነገር ግን ትልቁ ጥራዝ በአበባ ይጫወት ነበር በሚልበት ቦታ ስለ አበባ ያወራ ነበር ይላል። ስለዚህ ለመስኩም «ያወራ ነበር» የሚለውን የሚመርጡ አሉ፤ ቲዎባልድ ራሱ በእጁ በገባ አንድ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ አንድ ሟች አንባቢ እንዲሁ ብሎ እንደጻፈ ይናገራል። እኔ ለጊዜው ከ«ይቃዥ ነበር» ጋር ነኝ፤ ለፊደሎቹ የሚቀርበው እሱ ነውና። የሁለቱን እትሞች ትዕይንት ጎን ለጎን አድርጌ እያነበብኩ ነው፤ ከእናንተ መካከል «ያወራ ነበር» የሚለውን የሚደግፍ ካለ ማስረጃውን ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።