የአባቴ መልእክቶችና የኖኪያው ድራይቨር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። አዋሽ ሲደርስ ለእማዬ ይጽፍላታል። ገዋኔ ምሳ ሲበላ ይጽፋል። ሚሌ ሲያድር ይጽፋል፤ ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ሲይዝማ ሁለቴም ሦስቴም ይጽፋል። እማዬ አንዱንም አላጠፋችም። ሁሉም ያሉት ኖኪያ 6300 ስልኳ ውስጥ ነው።

ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው ባትሪው አብጧል። ቢኤል-4ሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ ዕድል ሆኖ አሁንም ከገበያ አልጠፋም። አዲስ ገዝቼ ስከተው ስልኩ ተነሣ። ሰዓቱ ተዛብቷል፣ መልእክቶቹ ግን ከነቀናቸው አሉ። በዚያው ቅጽበት ወሰንኩ። ይሄ ነገር ስልኩ ጨርሶ ሳይሞት መገልበጥ አለበት።

ብሉቱዝ ምን ሆነ የሚል አይጠፋም። በብሉቱዝ ፎቶና ዘፈን ወደ ሌላ ስልክ ይላካል፤ የመልእክት ሳጥኑን እንዳለ ግን በዚህ መንገድ መላክ አይቻልም። ሚሞሪ ካርዱን ነቅሎ ማንበብም አይረዳም፤ መልእክቶቹ የተቀመጡት ስልኩ ላይ እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም። የቀረው መንገድ ኖኪያ ራሱ የሠራው ፒሲ ስዊት የሚባለው ፕሮግራም ነው። እሱ ደግሞ ስልኩን በገመድ የሚያየው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከስልኩ ጋር የሚያነጋግረው ትንሽ ፕሮግራም፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ ብቻ ነው።

ፒሲ ስዊት በነዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ቪስታና ሰቨን ዘመን የቆመ ፕሮግራም ነው። የሥራ ላፕቶፔ አዲስ ስለሆነ ከእሱ ጋር ማታገል አልፈለግሁም። እማዬ ቤት ግን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የምጠቀምበት ዴስክቶፕ አለ፤ ኤክስፒ ነው፣ ደህና ይሠራል። ኢንተርኔት የለውም፣ እንዲኖረውም አልፈልግም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ቀዳዳ አብዛኛው ክፍት ነው ማለት ነው። ከስልኬ ኢንተርኔት ባጋራው እንኳ አብሮት የመጣው ብራውዘር የዛሬዎቹን ድረ ገጾች አብዛኞቹን መክፈት አይችልም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በፍላሽ ነው የሚገባው።

ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒዩተር ስትሠራ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ፋይል ከማውረድህ በፊት ነው። ምን እንደጎደለ በትክክል ካላወቅህ ፍላሽ ይዘህ ስትመላለስ ትውላለህ። እኔ መጀመሪያ ስልኩን በገመድ አገናኘሁት። ኤክስፒ አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ድራይቨር ልፈልግ ሲለኝ ተውኩት፤ የት ይፈልጋል? ከዚያ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተገናኙ ዕቃዎችን የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ከፈትኩ። ስልኩ ቢጫ ምልክት ተደርጎበት ተቀምጧል። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ስትከፍት ረጅም መስመር ይወጣል፤ መሐሉ ላይ ቪአይዲ 0421 ይላል። 0421 የኖኪያ መለያ ቁጥር ነው። ይህች ቁጥር ለእኔ ትልቅ ነገር ናት። ኮምፒዩተሩ ስልኩን አውቆታል፣ ገመዱ ደህና ነው፣ የስልኩ ሶኬትም አልሞተም ማለት ናት። የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው። ቁጥሩ ባይመጣ ኖሮ ሌላ ገመድ ነበር የምፈልገው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው ስልኩን "ተበላሽቷል" ብሎ የሚጥለው።

የሚስማማውን ፋይል ለመምረጥ እንዲረዳኝ የዊንዶውሱን ሰርቪስ ፓክ (የማሻሻያ ጥቅሉን ቁጥር) እና 32 ቢት መሆኑን ወረቀት ላይ ጻፍኩና ገመዱን ነቀልኩ።

ፒሲ ስዊትን ዛሬ ከኖኪያ አታገኘውም። ድርጅቱ የስልክ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2014 ለማይክሮሶፍት አስረክቧል፤ የድሮዎቹ ማውረጃ ገጾችም አብረው ሄደዋል። ቅጂውን ያስቀመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያወረድኩትን ፋይል ላፕቶፔ ላይ እያለ ፕሮፐርቲሱን ከፍቼ ዲጂታል ፊርማውን አየሁ። ፈራሚው ኖኪያ ነው፣ ፊርማውም አልተነካም። ድራይቨር ፈልገን እንጭንልሃለን የሚሉትን ፕሮግራሞች ግን አልነካቸውም። ለአንድ ድራይቨር ብለህ ያልጠራኸውን ሁሉ ቤትህ ታስገባለህ። ፍላሹንም ፎርማት አደረግሁት። ፋይል ደብቆ ሾርትከት የሚተካውን ቫይረስ የማያውቅ የኛ አገር ፍላሽ ተጠቃሚ የለም።

የፒሲ ስዊት መጫኛ አንድ ሙሉ ፋይል ነው። ድራይቨሩም ፕሮግራሙም አንድ ላይ ነው ያለው። በሁለት እግሩ የቆመ ነገር ደስ ይላል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ትንሽዬ ፋይል ይሰጡህና ስትከፍታት ቀሪውን ከኢንተርኔት ማውረድ ትጀምራለች። ሰርቨሩ የተዘጋ ቀን ያቺ ፋይል ምንም አትሠራም። ኔትወርክ በየጊዜው በሚጠፋበት፣ ብዙ ሰው ጭራሽ በሌለው አገር ላይ ሆኜ ሳስበው ይሄ ያናድደኛል። ሙሉውን የሚሰጡ ሰዎች እኛን አስበውናል። ቢያንስ እንደ አማራጭ ሙሉው ፋይል ሊቀመጥ ይገባል እላለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።

ዴስክቶፑ ላይ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ ገመዱን የሰካሁት ከዚያ በኋላ ነው። 6300 በዩኤስቢ ቻርጅ አያደርግም፤ መሐል ላይ እንዳይጠፋ ቀጭኗን ቻርጀር ጎን ለጎን ሰካሁ። ስልኩ በምን ልገናኝ ብሎ ሲጠይቅ ኖኪያ ሞድ የሚለውን መረጥኩ። ዳታ ስቶሬጅ ብትለው ካርዱን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ቢጫው ምልክት ጠፋ። የስልኩ ስም መጣ።

መልእክቶቹ የሚጀምሩት ከ2000 ዓ.ም. ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ ስለነበር የተከፈተው በሚሊኒየሙ ሰሞን ነበር። አባቴም ሲከፈት ነው መጻፍ የጀመረው። ስልኩ የግእዝ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። "ሚሌ ገባን። ሙቀቱ አይጣል ነው።" "ልጁ ፈተናውን እንዴት ሆነ?" "ጎማ ፈንድቶብን እየቀየርን ነው፣ አታስቢ።" እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ አንብብልኝ እያለች እስከ ማታ አነበብኩላት። አንዳንዱን ከእኔ ቀድማ ትጨርሰዋለች። "ልጁ" እኔ ነኝ። ያን ቀን ስለ ፈተናው እንደጠየቀ እስካሁን አላውቅም ነበር።

ፒሲ ስዊት የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ኤንቢዩ የሚባል የራሱ ዓይነት ፋይል ነው፤ ነገ የሚከፍተው ፕሮግራም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ መልእክቶቹን ከነቀናቸው ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይም ገለበጥኳቸው። አንዱን ቅጂ ለእህቴ ሰጠኋት። መጫኛውን፣ ገመዱንና ቻርጀሩን ከስልኩ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አድርጌ ላዩ ላይ ጻፍኩበት።

አሁን ተራው የአጎቴ ኖኪያ ኤን70 ስልክ ነው። አጎቴም የዚያው መስመር ሾፌር ነበር፤ አባቴ ለእሱ የጻፈለትም እዚያ ውስጥ አለ። ድራይቨሩ ያው ፒሲ ስዊት ውስጥ ነው፣ እሱ በእጄ ነው። ችግሩ ገመዱ ነው። ኤን70 የሚፈልገው ፖፕ ፖርት የሚባለውን ሰፊውን የድሮ ኖኪያ መሰኪያ ነው። የምጠይቃቸው የስልክ ዕቃ ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ስሙንም ረስተውታል። ሲኤ-53 ወይም ዲኬዩ-2 የሚል የተጻፈበት ገመድ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ያገኘ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።