ሻዬን ደፉብኝ

ትናንት አንዲት የድሮ ጓደኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «አንቺ፣ እብዶች ነው አሉ የምትጠብቂው? አትፈሪም? ለማንኛውም ለኔም ስፖንሰር ፈልጊልኝ» ትላለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ እኔም ከመምጣቴ በፊት ከሷ የተሻለ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

እህቴ፣ እብዶች አይደሉም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው የሚባለው፤ እዚህ እንግሊዝ «ለርኒንግ ዲስአቢሊቲ» ይሉታል። በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም። አብሮ የተወለደ ወይም በልጅነት የመጣ ነው። ነገር ለመረዳት፣ ለመማር፣ ቀንን በራስ ለመምራት ከሌላው የበለጠ ጊዜና እገዛ ይፈልጋል። እኔ የምሠራው አምስት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው። «እንደ መቄዶንያ ነው?» ላላችሁኝም፣ አይደለም። ተራ ሰፈር ውስጥ ያለ ተራ ቤት ነው፤ ከጎረቤቱ የሚለየው ነገር የለም።

የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ ስሙን አልጽፍም፣ 52 ዓመቱ ነው። ብዙ አይናገርም፤ በእጅ ምልክትና በሥዕል ካርድ ነው የሚግባባው። ጠዋት ሻይ ሊያፈላ ኩሽና ገባ። ኩባያ ለመምረጥ ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። የሻይ ከረጢቷን ያያታል፣ ያገላብጣታል፣ መልሶ ያስቀምጣታል። እኔ እንግዲህ ትልቅ ሰው ቆሞ ሻይ ሲያፈላ ዝም ብዬ እንዳላይ ሆኜ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ አላስቻለኝም። ቀማሁት። በሁለት ደቂቃ አፍልቼ፣ ወተቱን ጨምሬ፣ አራት የሚያደርገውን ስኳር ለጤናው አስቤ አንድ ብቻ አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ ሰጠሁት።

ተቀበለኝ። አየኝ። ሄዶ ሲንክ ላይ ደፋው። ኩባያውን አጠበና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ዲግሪ አለኝ። ሀገር ቤት ቢሮ ነበረኝ። ያቀረብኩት ሻይ፣ ያውም ፊቴ ላይ፣ ተደፍቶብኝ አያውቅም። በማግስቱ ደገምኩ፣ ግትር ነኝ፤ እሱም ደገመ። በሦስተኛው ቀን ማናጀሯ ጠራችኝ። ማንም ሳያዘኝ ስለደከምኩ ልታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «እየረዳሽው አይደለም፣ የሱን ሥራ እየወሰድሽበት ነው» አለችኝ። ከዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2005ቱን የእንግሊዝ የአእምሮ ብቃት ሕግ አወጣችልኝ። በዚህ ሕግ ሰው የራሱን ነገር መወሰን አይችልም ተብሎ እስካልተረጋገጠ ድረስ ይችላል ነው የሚባለው። ውሳኔው የሞኝ ውሳኔ ስለመሰለን ብቻ አይችልም አይባልም። አራት ስኳርም እዚህ ውስጥ ይገባል። ማስረዳት እችላለሁ፣ በሥዕል ማሳየት እችላለሁ፤ ደብቄ መቀነስ ግን አልችልም።

ማታ አውቶቡስ ላይ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። በልቤ «እሱ» እያልኩት ነበር። 52 ዓመት! ሀገር ቤት ይህን ዕድሜ ያለውን ጎረቤት ማነው ደፍሮ አንተ የሚለው? እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ ስለሌለው ማንም አልነቃብኝም እንጂ፣ በአማርኛ ስዳፈራቸው ነው የከረምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሻያቸውን ሲያፈሉ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የፈላ ውሃ ሲያነሱ ብቻ ጠጋ እላለሁ።

ፈረንጆቹ ግን ይህን ሁሉ ያውቃሉ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ስልጠና ላይ ስለ ዊንተርበርን ቪው ነግረውናል። ብሪስቶል አጠገብ የነበረ የግል ሆስፒታል ነው። በፈረንጆቹ 2011 ላይ ፓኖራማ የሚባለው የቢቢሲ ፕሮግራም በድብቅ ካሜራ ሠራተኞቹ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎችን ሲደበድቡና ሲያሰቃዩ አሳየ። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፣ ስድስቱ እስር ቤት ገቡ። አንድ ነርስ ቀድሞ ጠቁሞ ነበር፤ በጊዜው የሰማው የለም።

ዱላ የሌለበት መጥፎ ቤትም አለ። ሰው ጎደለ ተብዬ ሌላ ቤት ለጥቂት ቀን ሄጄ ነበር። በሩ ላይ «ጥሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚህ ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባለው ተቆጣጣሪ ቤቶቹን በአራት ደረጃ ነው የሚመድበው፤ «ጥሩ» ከላይ ሁለተኛው ነው። ውስጥ ገባሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን። በሐምሌ፣ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በማትጠልቅበት ወር፣ ሁሉም 11 ሰዓት ላይ ፒጃማ ለብሰዋል። ለምን? ማታ የሚገባው ሠራተኛ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነው፤ የጠጡት ሁሉ በሚሊ ሊትር ተጽፏል። እኛ ሀገር ደግሞ ወረቀቱም የለም፤ ልጁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚያስገባ ቤተሰብ ስንቱ ነው? ግን ደግሞ ያልተደበቀውን ሰፈሩ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። የጋሼን በር ከኛ ሠራተኞች ሌላ የሚያንኳኳ ሰው የለም። እኛም ቶሎ ቶሎ እንቀያየራለን፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጋሼ ሻያቸውን እንደ አዲስ መድፋት አለባቸው።

ስለ ስፖንሰሩ ጉዳይ፣ ጓደኛዬ ስሚኝ። በፈረንጆቹ 2022 ነው ለኬር፣ ማለትም ለእንክብካቤ ሠራተኛ፣ የቪዛ በሩ የተከፈተው። በመጋቢት 2024 ቤተሰብ ይዞ መምጣት ቀረ። ከሐምሌ 22፣ 2025 ወዲህ ደግሞ ከውጭ አዲስ ኬር ሠራተኛ ማስመጣት ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ «የኬር ቪዛ አለኝ፣ ክፈይ» የሚልሽ ኤጀንት ሌባ ነው፤ የእናትሽን ወርቅ እንዳትሸጪለት። በሌላ መንገድ መጥተሽ እዚህ ሥራ ከገባሽ ግን፣ ኢንተርቪው ላይ «ጥሩ እንክብካቤ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁሻል። እኔ ደረቴን ነፍቼ «እንደ ልጄ ነው የማያቸው» ብዬ ነበር። ሁለቱ ጠያቂዎች ተያዩና አንድ ነገር ጻፉ።

ጋሼ በ14 ዓመት ይበልጡኛል።