እሺ ከማለታችን በፊት ያለው ስክሪን

ሰሞኑን ከስራ ስወጣ የምይዘው ፕሮጀክት ለአፕት የሚሆን የተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበት፣ ጽሑፍ ብቻ ያለው ስክሪን) ፕሮግራም ነው። አፕትን ኡቡንቱ ወይ ዴቢያን የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች የነካ ሁሉ ያውቀዋል፣ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) የምንጭንበት፣ የምናጠፋበት፣ አፕግሬድ የምናደርግበት ኮማንድ ነው፣ እኔ የምሰራው ደግሞ ያንኑ ስራ ኮማንድ ከመጻፍ ይልቅ ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ፣ በቀስት ወደላይ ወደታች እያላችሁ፣ የምትፈልጉትን ምልክት እያደረጋችሁ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ እንድታስፈጽሙት ነው። ዊንዶው የለ፣ ማውስ የለ፣ ሁሉም እዛው ተርሚናል ውስጥ።

ለምን በተርሚናል ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፣ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ ዴስክቶፕ የለም። ሰርቨሩ የሚነካው በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ በተርሚናል በመግባት ነው፣ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ደግሞ (አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ውጭ ሀገር ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይሄን አያጣውም) ስክሪኑ ላይ የተቀየረችውን ጽሑፍ ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ነው የሚያዋጣው። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ዴቢያን በ1990ዎቹ ዲሴሌክት የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ነበረው፣ በ1999 ደግሞ አፕቲትዩድ መጣ፣ እስከዛሬም አለ፣ ውስጡ ማይንስዊፐር ጌም ሳይቀር አለው። አፕቲትዩድን ከልቤ ነው የማከብረው። ግን ፓኬጆች ሲጋጩበት የሚያቀርበው የመፍትሄ ዝርዝር ለለመደ ሰው ካልሆነ ቶሎ አይገባም፣ እኔ የምፈልገው ሊኑክስ ትናንት የጀመረ ልጅም አይቶ እንዲገባው ነው።

ይሄን ስሰራ አንድ ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ የፓኬጅ ማኔጀር ገፅ ዋና ስራው ሰውየው እሺ ከማለቱ በፊት ምን ላይ እሺ እያለ እንደሆነ ማሳየት ነው። ፍለጋው፣ ከለሩ፣ ሾርትከቱ ምናምን ሁሉ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለምን መሰላችሁ፣ በ2021 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሊነስ ቴክ ቲፕስ የሚባለው የዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ሊነስ ሰባስቲያን ሊኑክስን ልሞክር ብሎ ፖፕ ኦኤስ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነ፣ ከዛ የጌም መሸጫውን ስቲምን ከግራፊካል ስቶሩ ሊጭን ሲል ኤረር አመጣበት፣ ወደ ተርሚናል ሄዶ በአፕት ሞከረው። አፕት ረጅም የፓኬጅ ስም ደረደረ፣ ከሚጠፉት ውስጥ ዴስክቶፑ ራሱ ነበረበት፣ ማስጠንቀቂያውም እዛው ተጽፏል፣ ለመቀጠል በእንግሊዝኛ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» ብለህ ጻፍ አለው፣ ጻፈ፣ ዴስክቶፑ ሄደ። ያኔ ብዙ ሰው «ማንበብ ነበረበታ» ብሎ ፈረደበት፣ እኔ ግን እስካሁንም አልስማማም። የሚጫነውም የሚጠፋውም ፓኬጅ በአንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንድ ከለር፣ ተያይዞ ሲወርድ ዓይን ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ያንን ሁሉ ስም መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው የለም፣ ለዓመታት ሰርቨር ያስተዳደረም አያነብም። አፕት ራሱም ከዛ በኋላ ተስተካክሏል፣ መሰረታዊ የሚባሉ ፓኬጆችን ማጥፋት ለብቻው በኦፕሽን ካልተፈቀደለት አያደርገውም፣ በ2025 የወጣው 3.0 ደግሞ የሚጫነውን በአረንጓዴ የሚጠፋውን በቀይ እያደረገ ያሳያል። ትክክለኛ መንገድ ነው፣ እኔም ከዛው ነው የቀጠልኩት።

የኔ የማረጋገጫ ስክሪን እንዲህ ነው የሚሰራው። አንድ ሰው ኡቡንቱ ላይ የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን ፓይተን 3ን ላጥፋው አለ እንበል (ሌላ ቨርዥን ልጫን ብሎ ይሄን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ ግማሹ ሲስተም የቆመው ደግሞ ፓይተን ላይ ነው)። መጀመሪያ ከላይ የሚጠፉት ይመጣሉ፣ የሚጫኑት ከነሱ በታች ናቸው። የሚጠፉት ደግሞ ለሁለት ይከፈላሉ፣ አንተ አጥፋ ያልከው አንዱ ለብቻው፣ እሱ ጎትቶ የሚያጠፋቸው ለብቻቸው፣ በያንዳንዱ የተጎተተ ፓኬጅ ጎንም ማን እንደጎተተው ይጻፋል። ያላዘዝከው ፓኬጅ የሚጠፋ ከሆነ ኤንተር አይሰራም፣ ስንት ፓኬጅ እንደሚጠፋ ቁጥሩን ራስህ መጻፍ አለብህ። አረፍተ ነገር ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ይቻላል፣ ቁጥሩን ለመጻፍ ግን ዝርዝሩን ማየት ግድ ነው። ምንም የማይጠፋበት ተራ ጭነት ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም፣ አንዴ ኤንተር፣ በቃ። ሁሌ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሰውን ሳያይ እሺ ማለት ነው የሚያስለምደው።

ማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ የሚያሰላውን ክፍል አልነካሁትም፣ ማንም እንዲነካው አልመክርም። ፓይተን አፕት የሚባለው ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ከራሱ ከአፕት ሞተር ጋር በቀጥታ ያገናኛል፣ ይሄን ፓኬጅ ለመጫን ምልክት አድርግልኝ ስትለው ስሌቱን እሱ ይሰራና የተለወጡትን ሁሉ በዝርዝር ይመልስልሃል፣ ከኢንተርኔት ስንት እንደሚወርድና ዲስክ ላይ ስንት እንደሚይዝም እዛው አለ። አፕትን በኮማንድ ጠርቶ የሚያወጣውን ጽሑፍ እየቆራረጡ ማንበብ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፣ አፕት ራሱ ግን ስክሪፕት ውስጥ ስትጠራው አወጣጤ ሊቀየር ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል እኮ። ስክሪኑን የምስለው ደግሞ ከፓይተን ጋር በሚመጣው፣ ከርሰስ በሚባለው የተርሚናል ላይብረሪ ነው። ከሱ ያማሩ አዳዲስ ላይብረሪዎች አሉ፣ ቴክስቹዋል አለ፣ «ጎ» በሚባለው ቋንቋ ከሆነ ባብል ቲ፣ «ረስት» በሚባለው ከሆነ ራታቱዊ፣ ግን ፓይተን አፕትም ከርሰስም ኡቡንቱ ላይ አስቀድመው አሉ፣ ፕሮግራሜን ለመጠቀም ሌላ ነገር ዳውንሎድ ማድረግ አያስፈልግም።

ዳውንሎድ ካልን ዘንዳ፣ እዚህ ሀገር በሞባይል ዳታ ላፕቶፑን አፕዴት የሚያደርግ ሰው ከምንም በላይ ማየት የሚፈልገው ሜጋባይቱን ነው። አፕቲትዩድ ጠቅላላውን ያሳያል፣ እኔ ደግሞ ለያንዳንዱ ፓኬጅ ይዞት ከሚመጣው ጋር ደምሬ ነው የማሳየው። አፕት በነባሪ የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ሳይሆን «ቢኖሩ ይመከራል» የተባሉትንም አብሮ ይጭናል፣ እና አንድ ቁልፍ አድርጌለታለሁ፣ ስትጫኑት የተመከሩት ይወጣሉ ድምሩም እዛው ፊታችሁ ይቀንሳል፣ መልሳችሁ ስትጫኑት ይመለሳሉ። ማን እንደወጣም ይታያል፣ ከወጡት ውስጥ የምትፈልጉት ካለ እሱን ብቻ መልሳችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ። ለኔ ከፕሮግራሙ ሁሉ የምወዳት ቁልፍ እሷ ናት።

ገፁን በአማርኛ ማድረግ የግድ ነበር፣ እዚህ ጋር ግን ተርሚናል ራሱ ያስቸግራል። ተርሚናል ስክሪኑን በእኩል ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያየው፣ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የተመዘገቡበት ስታንዳርድ) ላይ ፊደላችን ሰፊ ተብሎ ስላልተመዘገበ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ካሬ ይሰጠዋል፣ ፎንቱ ውስጥ ያለው «ጨ» ወይ «ሠ» ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ካሬ በላይ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አንዱ ፊደል ጎረቤቱ ላይ ይወጣል፣ ወይ ጎኑ ይቆረጣል። ፕሮግራም ከውስጥ ሆኖ ፎንቱን መቀየር አይችልም፣ አቀማመጡን ግን መቀየር ይቻላል፣ እና ቁጥሮቹንና በላቲን የሚጻፉትን የፓኬጅ ስሞች በግራ አደረኳቸው፣ አማርኛው ሁሌ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሱ በስተቀኝ የሚሰመር የሳጥን መስመርም የለም። ቢሰፋም ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚሰፋው። ዴስክቶፕ የሌለበት ጥቁሩ የሊኑክስ ኮንሶል ላይ ግን ይሄም አይረዳም፣ እዛ ፎንት ቢበዛ 512 ምልክት ነው የሚይዘው፣ በነባሪ የሚመጣው የኮንሶል ፎንት ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ የለም፣ የዴቢያን ኢንስቶለርም አማርኛን የሚያቀርበው በግራፊካሉ በኩል ብቻ ነው። እዛ ሲሆን ፕሮግራሙ ራሱ አውቆ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል።

መብራትም አለ። ጭነት መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ከአፕት ስር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ዲፒኬጂ ስራውን ሳይጨርስ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አፕትን ስትጠሩት ተቋርጧልና በእጅ ጨርሱት የሚል ኤረር ነው የምታገኙት፣ አዲስ ሰው ደግሞ ያንን ሲያይ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የኔ ፕሮግራም ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ይሄንን ነው፣ ያላለቀ ስራ ካገኘ ሌላ ነገር ከማሳየቱ በፊት ምን እንደተቋረጠ ይነግራችሁና ልጨርሰው ወይ ብሎ ይጠይቃል። በግማሽ የወረደ ፋይልም አይጠፋም፣ አፕት ከቆመበት ነው የሚቀጥለው፣ የተከፈለበት ዳታ ነዋ።

አሁን የያዝኩት ክፍል የኮንፊግ ፋይል (የፕሮግራም ሴቲንግ የሚጻፍበት ፋይል) ጥያቄው ነው። የነካችሁት ፋይል አዲሱ ፓኬጅ ይዞት ከመጣው ጋር ሲለያይ ዲፒኬጂ ስራውን አቁሞ የናንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላድርግ ይላል። ለጊዜው ገፄን ዘግቼ ተርሚናሉን ለሱ እለቅለትና ሲመለስ ካቆመበት እቀጥላለሁ፣ ይሰራል፣ ግን ሰውየው ምን ላይ እሺ እያለ እንደሆነ አሁንም በደንብ አያይም። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጎ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ የሚያሳይ ስክሪን ጀምሬያለሁ፣ ኤስኤስኤች ኮንፊግ ላይ እየሞከርኩት ነው፣ ምክንያቱም እዛ ፋይል ላይ የተሳሳተ እሺ ሰርቨሩን ከውጭ ሊቆልፍባችሁ ይችላል።